ያ የጉሮሮህ ነገር

ሰላም ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ከተጠፋፋን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰበብ አልደረድርም። ዛሬ እንድጽፍልህ ያደረገኝ ግን ናፍቆት ብቻ አይደለም። ኦቾሎኒ ስትበላ "ጉሮሮዬን ያሳክከኛል" ትል ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ውሃ ትጠጣበትና ትስቃለህ። እኔም አብሬህ እስቃለሁ።

ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ አንድ ብስኩት ቀመሰች። ኦቾሎኒ እንዳለበት ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ ግን በደቃቅ ፊደል ነውና ማናችንም አላየነውም። ከዚያ በፊት ከንፈሯ ትንሽ ያብጥ ነበር፣ በቃ። አስም ስላለባት ግን ሐኪሟ "የአድሬናሊን መርፌ ከቦርሳሽ አይጥፋ" ብሏት ነበር።

መጀመሪያ አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጣ። የአለርጂ ክኒን ሰጠኋትና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ጥፋቴ እሱ ነው። ወዲያው ድምፅዋ ሻከረ፣ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር፣ አስመለሳት። ያኔ ነው መርፌውን ያወጣሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጭኗን በውጭ በኩል፣ ሱሪዋን ሳላወልቅ ወጋኋት። ተነስታ ወደ መኪናው ልትሄድ ስትል ደግሞ ዓይኗ ጨለመባት። ለካ እንዲህ ያለ ሰው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ይላል እንጂ አይቆምም! ትንፋሽ ካጠረው ብቻ ይቀመጣል።

ሐኪም ቤት ሲነግሩኝ አፈርኩ። ክኒኑ ማሳከኩን ያቀል እንደሆን እንጂ የጠበበ የአየር ቧንቧ አይከፍትም፣ የወረደ የደም ግፊትም አይመልስም። ያ የአድሬናሊን ሥራ ነው። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልተሻለ ይደገማል። ደህና ከሆነችም በኋላ ለሰዓታት አላስወጧትም፣ ተመልሶ ሊነሳ ይችላላ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሳነብ አደርኩ። "አናፊላክሲስ" (እህቴ ላይ የደረሰው ዓይነት ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ) የሚለውን ስም ያወጣው ሻርል ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ በ1913 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሞበታል። ውሾቹ መጀመሪያ የቻሉትን የባሕር እንስሳ መርዝ ከሳምንታት በኋላ በጥቂቱ ሲደግምላቸው ሞቱበት። ይሄኔ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። ያንተ ማሳከክ ከዚያ አያልፍ ይሆናል። ሊያልፍም ይችላል፤ ያለፈው ቀላል ነበር ማለት የሚቀጥለውም ቀላል ነው ማለት አይደለም።

እና የአለርጂ ሐኪም ጋ ሂድ። "እስቲ ልሞክረው" ብለህ ደግሞ ራስህ እንዳትቀምስ፤ አውቅሃለሁ። መቼ እንደምትሄድ ጻፍልኝ። እህቴ ሰላም ብላሃለች። ደህና ነች፣ ብስኩት ስታይ ብቻ ፊቷን ታዞራለች።

ያንተው