የስቴም ሴል ምርምርና በትራኮማ የጠፉ ዓይኖች

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

ስለ ስቴም ሴል፣ ማለትም እየተባዛ ሌሎች የሰውነት ሕዋሳትን ስለሚተካ መነሻ ሕዋስ፣ ምርምር የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ከስኳር ሕመም፣ ከፓርኪንሰንና ከአከርካሪ ጉዳት ጋር ተያይዞ ነው። እኔ ደግሞ እኛ ጎጃሞች ከምናውቀው የትራኮማ ዓይነ ስውርነት ጋር ተያይዞ እንዲታይ እሻለሁ።

ትራኮማ ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይን ቆቡ ከውስጥ ይጠባሳል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ሲታጠፍም ሽፋሽፍቱ ኮርኒያ የተባለውን ጥርት ያለ የዓይን ፊት እየፋቀ ያደበዝዘዋል። እናቶቻችን በወረንጦ ሲነቅሉት የሚኖሩት ይህንኑ ጸጉር ነው። የኮርኒያን የላይኛ ሽፋን ዘወትር የሚያድሱት ስቴም ሴሎች የሚገኙት በዓይን ጥቁሩና ነጩ ክፍል ድንበር ላይ ሲሆን፣ እነርሱ ካለቁ ከሟች የተለገሰ ኮርኒያ ቢተከል እንኳ ሽፋኑን የሚተካለት ስለሌለ ብዙ ጊዜ አይጸናም።

የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ከታማሚው ጤነኛ ዓይን ትንሽ ቅንጣት ወስደው በቤተ ሙከራ በማሳደግ የተጎዳውን ዓይን ሽፋን መመለስ እንደሚቻል አሳዩ፤ ዘዴው በቃጠሎ ለተጎዱ ዓይኖች በ2015 በአውሮፓ ኅብረት ተፈቅዷል። ነገር ግን ትራኮማ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይን ስለሚጎዳ ቅንጣቱ የሚወሰድበት ጤነኛ ዓይን ላይገኝ ይችላል። ተስፋዬን ይበልጥ የጣልሁት በጃፓኖቹ ሥራ ላይ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሺንያ ያማናካ በ2006 የአይጥን፣ በዓመቱም የሰውን የቆዳ ሕዋስ ወደ ስቴም ሴልነት መለሱ፤ በ2012ም የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። በ2019 የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከሌላ ሰው ሕዋስ በዚሁ መንገድ ያሳደጉትን ስስ የኮርኒያ ሽፋን በታማሚ ዓይን ላይ ተከሉ።

ሙከራው ገና በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ነው፤ ቆቡ በቀዶ ሕክምና ያልተስተካከለ ወይም እንባው የደረቀ ዓይንም አዲሱን ሽፋን ማቆየት ይቸግረዋል። ስለዚህ የቆብ ቀዶ ሕክምናው፣ ትራኮማን የሚያክመው የአዚትሮማይሲን መድኃኒት እደላውና የፊት ንጽሕናው ለአፍታም ሊቋረጡ አይገባም። ከብቱን ሸጦ ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ነው የተባለ የስቴም ሴል መርፌ ፍለጋ ባሕር የሚሻገር ቤተሰብም አስቀድሞ የዓይን ሐኪም ያማክር።

ትራኮማ ከጃፓንና ከአውሮፓ ከጠፋ ቆይቷል፤ ይህ ሕክምና በትራኮማ ጠባሳ ላይ ይሠራ እንደሆነ የሚመረምረው ሰው ከእኛ ዘንድ መነሣት አለበት። ጋዜጣችሁ ይህንን ጥያቄ ለባሕር ዳርና ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ምሁራን አቅርቦ መልሳቸውን እንዲያትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከፍኖተ ሰላም