ፔዳሉ በየት በኩል ይፈታል? የሳይክልና የብረት ሥራ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ኅዳር ላይ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሳይክሉን እየገፋ ወደ ክበባችን መጣ። የግራ ፔዳሉ ወደ ታች ተንጋዷል። ቅዳሜን ሙሉ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሊፈቱት ሲታገሉ ነው የዋሉት። መፍቻው ላይ ቧንቧ ቀጥለው ሁለቱም ተንጠልጥለውበታል፤ አልሆን ሲል በመዶሻ ደበደቡት። "ቲቸር፣ እንቢ አለን" አለኝ። አንጀቴን በላው፤ ምክንያቱም ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሲፈቱ ሳይሆን ሲያጠብቁ ነው የዋሉት።

የግራ ፔዳል ጥርሱ፣ ማለትም ዘንጉ ላይ ያለው ጠመዝማዛ መስመር፣ የተገላቢጦሽ ነው። ሌላው ቡሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፣ እሱ ግን ወደ ቀኝ ሲዞር። ይህን በቃል መያዝ ለከበደው ለልጆቹ ያስተማርኳቸውን ልንገራችሁ። የ15 ቁልፍ ፔዳሉ ላይ አስገቡና እጀታውን ወደ ላይ አቁሙት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ጎማ ጎትቱ። በቀኝም በግራም ይፈታል። ለማሰር ደግሞ ወደ ፊት ጎማ። ግራ ቀኙን መቁጠር አያስፈልግም።

ለምን እንዲህ ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ደስ ይለኛል፣ ዘንድሮም ብዙዎቹ ጠይቀዋል። እርሳስ በጭብጣችሁ ላላ አድርጋችሁ ያዙ፤ የወጣውን ጫፍ በሌላው እጃችሁ በክብ አዙሩት። እርሳሱ ጭብጣችሁ ውስጥ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲንከባለል ይሰማችኋል። ፔዳልም ስንረግጠው የሚሆነው ይኸው ነው። ጥርሱ ባይገለበጥ ኖሮ የግራው ፔዳል እየተረገጠ ራሱን በራሱ ይፈታ ነበር።

ያ ፔዳል በመጨረሻ ወጣ። ሲወጣ ግን ፔዳሉን የያዘው ክንድ ጥርስ አብሮ ተላጥቶ ወጣ፤ እንደ ቀጭን የብር ፈትል ተጠቅልሎ መዳፌ ላይ ወደቀ። የፔዳሉ ዘንግ ብረት ነው፣ ክንዱ ግን አልሙኒየም። ሁለቱ ሲታገሉ የሚበላው ሁልጊዜ አልሙኒየሙ ነው። ልጁ ፈትሉን አንስቶ ብዙ ጊዜ አየው። ደብተሩ ውስጥ አስቀምጦታል።

ይህን ያስቀደምኩት፣ ዓመቱን ሙሉ ወደ እኛ ከመጣው ብልሽት ብዙው እንዲህ ያለ ስለሆነ ነው። ዕቃው አርጅቶ አይደለም። አሠራሩን ሳናይ በጉልበት ስለገባንበት ነው። ክበቡ ውስጥ ያለን ሕግም አንድ ነው፦ ማንኛውም ቡሎን ወይም ፔዳል መጀመሪያ በጣት ሦስት አራት ዙር ይግባ። በጣት ካልገባ ጥርስ ለጥርስ አልተገናኘም ማለት ነው። ያን ጊዜ መፍቻ መንካት የለም፤ አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ ግራሶ ቀብቶ እንደገና መሞከር ነው።

ስለ ክበቡ ባጭሩ። ከአሮጌው ዕቃ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ረቡዕ ከሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት እንገናኛለን። አንድ ሞርሳ፣ ሁለት ሞረድ፣ ጥቂት መፍቻዎች፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና አንድ ፖምፓ አለን። ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ክፍል ውስጥ በጠመኔ የምስለውን ነገር እዚህ በእጃቸው ሲይዙት ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የመሣሪያዎቹን ስም ልብ ብላችሁ ከሆነ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ግራሶ፣ ሞርሳ፣ ጎሚስታ። የእኛ ከተማ ልጅ ይህን ማወቅ አለበት እላለሁ። ጣልያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን እጅ የሰጠው እዚሁ ጎንደር ላይ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ሰዎቹ ሄዱ፤ ፒያሳና የጋራዥ ቋንቋው ቀረ። እኛም በዚያው ቋንቋ እንሠራለን፣ የእኛ ሆኗልና።

አሁን ወደ ካቴና። ካቴና ተለጠጠ ሲባል ትሰማላችሁ። ብረቱ ግን አልተለጠጠም። በየመጋጠሚያው ያለው ፒንና ፒኑ የሚዞርበት ቀዳዳ እየተፋቀ ይሰፋል፤ ከመቶ በላይ ከሆኑት መጋጠሚያዎች እያንዳንዱ በጥቂቱ ሲሰፋ ጠቅላላው ይረዝማል። አዲስ ካቴና ከፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 20 ክፍተት ቆጥራችሁ በማስመሪያ ብትለኩ 25.4 ሴንቲ ሜትር ታገኛላችሁ። ከ25.5 ትንሽ ካለፈ ካቴናውን ቀይሩ። ከ25.6 አልፎ ወደ 25.7 ከተጠጋ ካቴናው የሚያርፍበትን የኋላ ጎማ ጥርስም በልቶታል፣ አዲስ ካቴና ብትገዙም ይዘላል። የተበላ ጥርስ ይታወቃል፤ እንደ ማጭድ ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል። ልጆቹ ግቢው ውስጥ የሚቆሙትን ሳይክሎች በሙሉ በተማሪ ማስመሪያ ለክተው በመዝገብ ጽፈዋል። ይህ ሥራቸው ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ነው፣ ምክንያቱም ማንም ሳያዛቸው ነው የጀመሩት።

ካቴና ስታጸዱ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ ዘይት። ከዚያ ደግሞ በጨርቅ ጥረጉት! ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ዘይት የሚያስፈልገው ከውስጥ፣ ፒኑ ጋ ነው፤ ውጪው ላይ የቀረው አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ምንም አያደርግም። አቧራና ዘይት ሲቦካ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይፍቃል። ብዙ ቤት የሚደረግ ሌላ ስህተት አለ፣ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት። ያ ዘይት ከሞተሩ የተፋቀ ጥቃቅን ብረትና ጥላሸት ይዟል። የምግብ ዘይትም አይሆንም፣ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የስፌት መኪና ዘይት ይሠራል፣ ቀጭን ስለሆነ ግን ዝናብ ቶሎ ያጥበዋል፤ ደጋግሞ መጨመር ነው።

ፍሬን ላይ ግን ቆም እንበል። ጎንደር ሜዳ አይደለችም። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ክፍል ውስጥ ያሰላነውን ላካፍላችሁ፦ ልጁና ሳይክሉ አንድ ላይ 70 ኪሎ ቢሆኑና 100 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ቢወርዱ፣ ፍጥነት ሳይጨምሩ ለመድረስ ወደ 69 ሺህ ጁል ጉልበት መጥፋት አለበት። የተወሰነውን ነፋስ ይወስደዋል፤ የቀረው ፍሬኑና ቸርኬው ላይ ሙቀት ይሆናል። ይህ ሁሉ ጉልበት 0.2 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፣ ማለትም ሦስት ሲኒ ቡና የሚሆን። (እኛ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በ100 አይደለም፤ ስሌቱን የሠራችው ልጅ ይህን አልረሳችም።) ቁልቁለት ጨርሳችሁ ስትቆሙ ቸርኬውን በባዶ እጅ አትንኩ።

ዝናብ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ቸርኬያቸው ክሮም የተቀባ ብረት የሆነ አሮጌ ሳይክሎች እርጥብ ሲሆኑ ፍሬናቸው በጣም ይደክማል፣ አልሙኒየም ይሻላል። የትኛው እንደሆነ ማግኔት ይነግራችኋል፤ ብረት ላይ ይለጠፋል፣ አልሙኒየም ላይ አይለጠፍም። ብረት ቸርኬ ያለው ልጅ በዝናብ ከሩቁ ቀድሞ ይያዝ። ስትይዙም ሁለቱንም ፍሬን ያዙ። የፊቱን ፈርተው የኋላውን ብቻ የሚይዙ ልጆች አሉ፣ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን የፊቱ ነው፤ ክብደታችሁ ስትቆሙ ወደ ፊት ስለሚሄድ። ቀስ ብሎ መጨመር እንጂ በድንገት መጭመቅ አይደለም። ሰውነታችሁንም ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት።

የፍሬኑ ጎማ የሚጮህ ከሆነ አውጡና ፊቱን እዩት። ብዙ ጊዜ ውስጡ የተሰካች የአልሙኒየም ፍንጣሪ ታገኛላችሁ፤ በመርፌ ንቀሏት፣ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈቅ ፈቅ አድርጉት። ስትመልሱት የፊተኛው ጫፍ ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ትንሽ አዘንብሉት። ጩኸቱ ይጠፋል። የፍሬኑ ሽቦ አንድ ክሩ እንኳ ከተበጠሰ ግን ጥገና የለውም፤ ይቀየራል። በዚህ አልደራደርም።

ስለ ጎማ ብዙ አልጽፍም፣ ጎሚስታው ያስተምራችኋል። ሁለት ነገር ብቻ። ካላማዳሪውን ከመለጠፋችሁ በፊት የውጪውን ጎማ ከውስጥ በኩል በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳሱት፣ እሾሁ ወይም የሽቦው ቁራጭ እዚያው ስለሚቀር። ማስቲሹንም እንደቀባችሁ አትለጥፉ። ጠብቁት፣ ማብረቅረቁን ይተው፣ በጣት ሲነካ የማይነሳ ይሁን። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኛችሁ እሾህ አይደለም፤ ነፋሱ አንሶ ኮብልስቶን ላይ ቸርኬው ቆንጥጦት ነው።

ዘንድሮ ያሳፈረን አንድ ሥራ አለ፣ ልደብቀው አልፈልግም። የካቲት ውስጥ ኮርቻው የማይወጣ ሳይክል መጣ። የኮርቻው ዘንግ አልሙኒየም፣ የሳይክሉ አጥንት ብረት፤ ያለ ግራሶ ገብቶ ስንት ክረምት አልፎበታል። ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ አልሙኒየሙ ይበላል፣ ከዝገቱም ነጭ ዱቄት ይወጣል። ያ ዱቄት ከተበላው አልሙኒየም የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እንደ ሽብልቅ ይቀረቅረዋል። አንዱ ልጅ "እሳት እናሳየው" አለ፣ እኔም ፈቀድኩ። ስህተቱ የእኔ ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፣ አልሙኒየሙ ደግሞ ውስጥ ነው ያለው። ስናሞቀው ይበልጥ ተወጥሮ ያዘ፣ የሰው ሳይክል ቀለምም ተቃጠለ። ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝና በማግስቱ ይህንኑ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አሰላነው። ከዚያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በመጋጠሚያው እያንጠባጠብን ሁለት ቀን ተውነው። ረቡዕ ዘንጉን ሞርሳ ላይ አሥረን፣ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰስንበት፣ ሳይክሉን ራሱን እንደ መሪ ይዘን ቀስ እያልን አዞርነው። መጀመሪያ ተንቋቋ። ከዚያ ነጭ ዱቄቱ በቀለበት መውጣት ጀመረ። ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቀን የተቃጠለውን ቀለም ቀብተንለታል። እናንተ ግን ዛሬውኑ የኮርቻችሁን ዘንግ አውጥታችሁ ግራሶ ቀቡት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከሳይክል ውጪም ሠርተናል። የተላቀቁ ዴስኮችን ስናጠብቅ ስፒሉ የሚዞርበት እንጨት ሰፍቶ አልይዝ ሲል፣ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክረን ቀዳዳው ውስጥ ሞላን፤ ሲደርቅ ስፒሉ ጥርቅ ብሎ ያዘ። አልከፈት ላለ ቁልፍ ደግሞ ዘይት አትጨምሩ፣ አቧራ ይዞ ያደርቀዋል። የእርሳስ ጫፍ ፈጭታችሁ ዱቄቱን በመክፈቻው ቀዳዳ ንፉበት፣ መክፈቻውንም እርሳስ ለቅልቁት። የክፍሎቹ ቁልፍ በዚህ ነው የዳነው፣ የግቢው ዘበኛ ጋሼም ምስክር ናቸው።

አንድ ነገር ከልቤ አለመውጣቱን ልናገር። ጥቅምት ላይ አንድ አባት መጥተው "ልጄን ቀጥቃጭ ልታደርገው ነው?" አሉኝ። በክፋት አልነበረም፣ ሲሰሙት ያደጉትን ነው። እኔ ግን ዝም አላልኩም። ይህች ከተማ የቆመችው በባለእጅ ነው። ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ወለቃ መንደር የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ማረሻውንም ማጭዱንም ቀጥቅጠው አካባቢውን አርሶ እንዲበላ አድርገዋል፣ ምላሹ ግን ስድብ ነበር። አፄ ምኒልክ ባለእጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ስድቡ አገር ስለጎዳ ነው። አባትየውን ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ አልኳቸው። መጡ። ልጃቸው የኋላ ጎማ ፈትቶ፣ ኩሽኔታዎቹን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ በእያንዳንዱ ጎን 9 እየቆጠረ ግራሶ ውስጥ ሲሰካ ቆመው አዩ። ሲጨርስ ጎማውን አዞሩት። ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይዞራል። ደጋግመው አዞሩት። ከዚያ የራሳቸውን ሳይክል አመጡ።

ለክረምቱ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ሳይክላችሁን አጥባችሁ አድርቁ፣ ካቴናውን ዘይት ስጡት፣ የተላጠ ቀለም ካለ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አንስታችሁ ቀለም ቀቡት፤ ቀለም ከሌለ ግራሶም ይበቃል። ጎማውን ነፍታችሁ ከተቻለ ስቀሉት፤ ነፋስ ሳይኖረው ለወራት ከቆመ የታጠፈበት ቦታ ይሰነጠቃል። ላስቲክ ጠቅልላችሁ አታስሩት፣ እርጥበቱን ውስጡ ይይዘዋል።

የኅዳሩ ልጅ ሚያዝያ ላይ ሌላ ክንድ አግኝቶ መጣ፣ አሮጌ ግን ጥርሱ ደህና የሆነ። ግራሶ ቀባ፣ ፔዳሉን በጣቱ አስገባ፣ ጮክ ብሎ ቆጠረ። አምስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ "ቲቸር፣ አሁን ቁልፍ ይሰጠኝ" አለ። ሰጠሁት። በነገራችን ላይ ያች የ15 ቁልፍ አፏ ሰፍቷል፣ የፔዳሉን ጠርዝ መላጥ ጀምራለች። ቤቱ ትርፍ ያለው ወላጅ ካለ መስከረም ላይ ይላክልን።