ነፋሱ ከየት በኩል ነበር?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ማኮብኮቢያውን ስቶ ስለተገለበጠው ቀላል አውሮፕላን ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁት ዘገባ «በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ገለበጠው» ይላል። ከየት በኩል የሚነፍስ? ግማሽ ገጽ በሞላ ጽሑፍ ውስጥ ይህ የለም። የአብራሪው ጃኬት ቀለም ግን አለ፤ ለትጋታችሁ እናመሰግናለን።

የአየር ማረፊያ የነፋስ መረጃ አቅጣጫውን በዲግሪ ያስቀድማል፤ ፍጥነቱ ይከተላል። ዘጋቢያችሁ ፊተኛውን ጥሎ ኋለኛውን ይዞ መጣ። በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር በእኛ በአብራሪዎች መለኪያ 18 ኖት ያህል ነው። ይህ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ አብራሪ የሚመኘው ነው፤ አውሮፕላኑ በዝግታ መሬት እንዲነካ ያግዘዋል። ከማኮብኮቢያው በ30 ዲግሪ ሰያፍ ከመጣ ወደ ጎን የሚገፋው ግማሹ፣ 9 ኖት ብቻ ነው። በ90 ዲግሪ ከመጣ ግን 18ቱም ጎን ላይ ያርፋል፤ ሴስና 172 የተባለው ቀላል አውሮፕላን መመሪያ ደግሞ በሙከራ በረራ የታየው ከፍተኛ የጎን ነፋስ 15 ኖት ነው ይላል። ያው አንድ ቁጥር በረከትም መዘዝም ይሆናል ማለት ነው።

የሚያናድደው፣ ባተማችሁት ፎቶግራፍ ግራ ጥግ ላይ የነፋሱን አቅጣጫ የምታሳየው ብርቱካናማ ጨርቅ ተወጥራ ማኮብኮቢያውን አቋርጣ ትታያለች። ፎቶው ከአደጋው በኋላ የተነሳ ነው ትሉ ይሆናል፤ እቀበላለሁ። ቢያንስ ለመጠየቅ ግን ታነሳሳ ነበር።

ደግሞም ነፋስ አውሮፕላንን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ገንጥሎ አይጥልም። አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሮ ይወርዳል፤ መሬት ሊነካ ሲል በጭራው መሪ ያቃናዋል፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ክንፍም ዝቅ ያደርጋል። ቀድሞ ካቃና ነፋሱ ወደ ዳር ይወስደዋል፤ ከዘገየ ጎማዎቹ መሬቱን በጎናቸው ይመታሉ። ካረፈ በኋላም ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር መሪዎቹ ኃይል ያጣሉና የክንፉን መሪ ይበልጥ ወደ ነፋሱ መያዝ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ፣ «አረፍኩ» ብሎ እጁን ሲያላላ ነው። በደጋ ይብሳል፤ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ የፍጥነት መለኪያው ከሚያሳየው በላይ እየፈጠንን መሬት እንነካለን።

ለማብራሪያ የጠራችሁት የትልልቅ ጄት አብራሪ ነው። ሰውየውን አከብራለሁ። ነገር ግን በአዋሽ ሸለቆ ጥጥ ላይ መድኃኒት ረጭተን በእርሻው ዳር በተጠረገች የአፈር ሜዳ ላይ እናርፍ የነበርነው እኛ ነን፤ ሜዳዋ አንድ ናት፣ ነፋሱም አያማክረንም። ከእኛ አንድ ሰው አልጠየቃችሁም። ስለ አንበጣ ርጭት በጻፋችሁ ጊዜም ኬሚካሉን አመሰገናችሁ እንጂ አብራሪውን አላነሳችሁም። ያን ጊዜም ጽፌላችሁ ነበር፤ መልሱን አሁንም እጠብቃለሁ።

«ትናንሽ አውሮፕላኖች ለነፋስ እንደማይመቹ ባለሙያዎች ይናገራሉ» ብላችሁ ዘጋችሁት። የትኞቹ ባለሙያዎች? እህቴ ይህንን አንብባ በረራ የሚማረውን ልጇን ትምህርቱን አቋርጥ እያለች ነው። ልጁ በዚህ ወር የሚማረው በጎን ነፋስ ማረፍን ነው! ላስረዳት ብሞክር «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» ትለኛለች። ስለዚህ ማስተካከያውን አቅጣጫውን ጨምራችሁ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልኝ።

ጡረተኛ የርጭት አውሮፕላን አብራሪ
ከአዳማ