ለጭምብል ሥራው ዝግጅት

ውድ አባላት፣

ወረቀት ከመንካታችሁ በፊት ስልክ ዘግታችሁ 10 ደቂቃ ያህል በሐሳብ ጭልጥ በሉ። የመጣላችሁን ምስል ሳትመርጡ በእርሳስ ንደፉት፤ ቆንጆ ቆንጆውን የሚመርጥ ሰው የሚሠራው ያንኑ የለመደውን ፊት ነው።

ለማጣበቂያው 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት በ2 ኩባያ ውሃ፣ እንዳይሻግት ትንሽ ጨው ጨምራችሁ በጥብጡ። ጋዜጣው የሚለጠፍበትን፣ ከጭቃ የተሠራውን የፊት ቅርጽ ቫዝሊን ቀቡት፤ አለዚያ ጭምብሉ አይላቀቅም። ጋዜጣውን በእጅ ቅደዱ፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ መስመሩ ያስታውቃል። 2 ድርብ ለጥፋችሁ በደንብ ሲደርቅ ሌላ 3 ጨምሩ። ባንዴ ከተደራረበ ውስጡ ርጥብ ሆኖ ይቀርና ይጣመማል።

በውጭው በኩል ሰው የሚያውቀውን ፊታችሁን፣ በውስጠኛው ንድፋችሁን ሳሉ። ውስጡን አሳዩ ብሎ የሚያስገድድ የለም።