መጫኛውን አንቱ ይያዙ

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? እማማስ ደህና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ወንድሜ ደውሎልኝ ነበር። ዘንድሮም ዋንዛው ላይ ወጥተው ቀፎ መስቀልዎን ነገረኝ። ብቻዎን፣ ማንንም ሳይጠሩ። ቅርንጫፉ ከእግርዎ ስር ሲገነጠል በክንድዎ ተንጠልጥለው እንደተረፉም ነገረኝ። ሲጠይቅዎ «ምን ሆንኩ?» ብለው ዘጉት አሉ። በስልክ ብሞክር እኔንም ይዘጉኛል። ለዚህ ነው የጻፍኩት። ወረቀት ከያዙ እስከ መጨረሻው እንደሚያነቡ አውቃለሁ።

ከሥራዬ አንድ ታሪክ ላውጋዎት። እዚህ አዲስ አበባ ሰርከስ የማሠለጥናቸው ልጆች ደጋግመው የሚያስወሩኝ ታሪክ ነው። ዋለንዳ የሚባል ቤተሰብ አለ። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ኑሯቸው ከፍ ብሎ በተወጠረ ሽቦ ላይ መሄድ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልዎት። ካርል ዋለንዳ በ1905 ጀርመን አገር፣ ማግደቡርግ ከተማ ተወለደ። በ1922 የራሱን ቡድን አቋቋመ። በ1928 አሜሪካ ገቡ። ኒውዮርክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳዩ ከስር የሚዘረጋው መረብ አልደረሰላቸውም ነበር። ያለ መረብ ወጡ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበላቸው። ከዚያ ወዲያ ያለ መረብ መሥራት መታወቂያቸው ሆነ።

የሚሄዱበት ነገር ተገምዶ የተሠራ የብረት ሽቦ ነው። በእጃቸው ረጅምና ከባድ ዘንግ ይይዛሉ። ሰውየው ወደ ጎን ሲያጋድል የዘንጉ ክብደት ውድቀቱን ያዘገይለታል። በዚያች ቅጽበት ራሱን ያስተካክላል። ተመልካች ዓይኑ እዚያ ላይ ነው። እኔ ግን ልጆቹን ሳስተምር መጀመሪያ የማሳያቸው ሌላ ነገር ነው። ከሽቦው ግራና ቀኝ ወደ መሬት የሚወጠሩ ገመዶች አሉ። ሽቦው እንዳይወዛወዝ የሚይዙት እነሱ ናቸው። እነሱ ከላሉ ከላይ ያለው ሰው ምንም ጎበዝ ቢሆን ዋጋ የለውም።

በ1962 ጥር ወር ዲትሮይት ከተማ ላይ ሰባት ሆነው በሽቦው ላይ ተደራርበው ይሄዱ ነበር። ከስር አራት፣ በእነሱ ትከሻ ላይ ባረፉ ዘንጎች ላይ ሁለት፣ ከሁሉም በላይ ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ። ከፊት ያለው ወጣት ዘንጉ ከእጁ አመለጠው። ሁሉም ተናደ። ሁለቱ ሞቱ፤ አንደኛው የካርል የልጁ ባል ነበር። ማሪዮ የሚባለው የካርል የማደጎ ልጅ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ቀረ። ካርል ራሱ ተጎድቶ ሳለ ሽቦው ላይ ተጣብቆ፣ ልጅቱን ከስር እስኪደርሱላት ድረስ ይዟት ቆየ።

በማግስቱ ከተረፉት አንዳንዶቹ ተመልሰው ሽቦው ላይ ወጡ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጀግንነት ያወራዋል። እኔ አልወደውም አባባ። ሰው ሲሞት ለቅሶ ይቀመጣል። በዓመቱ ደግሞ የካርል የሚስቱ እህት ከላይ ወድቃ ሞተች። ያኔም አላቆሙም።

ካርል በ65 ዓመቱ ጆርጂያ ውስጥ ታሉላ የሚባል ጥልቅ ገደል በሽቦ ተሻገረ። መሃል ላይ ሁለት ጊዜ በጭንቅላቱ ቆመ። ይህን ያደረገ ሰው አቅም አነሰው ማን ይለዋል? በ1978 መጋቢት፣ ፖርቶ ሪኮ ላይ፣ በአንድ ሆቴል ሁለት ፎቆች መካከል ሽቦ ተወጠረለት። ከፍታው 37 ሜትር ነው። 73 ዓመቱ ነበር። አንቱም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ነፋስ ነበር። ሽቦው መወዛወዝ ጀመረ። ቁጭ ሊል ሞከረ፣ አልቻለም። ወደቀና ሞተ። ቤተሰቡ ኋላ ላይ የተናገረው፣ የጎን ገመዶቹ በትክክል አልታሰሩም ነበር ነው። እርጅናው ወይም ፍርሃቱ አይደለም የገደለው። ከታች ያለው ሥራ ነው የጎደለው።

ይህን ለአንቱ መንገር አይገባኝም፤ ሰባራ ድልድይ ላይ ገመድ ጎትተዋልና። ድልድዩ በጣልያን ጊዜ መሃሉ ከተቆረጠ ወዲህ፣ ከሞጣ ወደ እስቴ የሚሻገር ሰው ወገቡን ታስሮ ነበር በገመድ የሚጎተተው። በወዲህ ጎታች፣ በወዲያም ጎታች፣ ከስር ዓባይ። አንቱ ሲያወሩን የሚሻገረውን ሰው አያወድሱም ነበር። «መጀመሪያ ቋጠሮውን ነው የማየው» ነበር የሚሉን። በእኛ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ድልድዩ በብረት ተጠገነ። ያንንም ጎርፍ ወሰደውና ኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ገመድ ጎታች የሚፈልግ ሰው ጠፋ፣ አንቱም ወደ ንቡ ዞሩ። ያ ሁሉ እውቀት ግን የትም አልሄደም። እኔ ዛሬ ልጆች ከፍ ብለው ከመውጣታቸው በፊት እያንዳንዱን ማሰሪያ በእጄ የምፈትሸው ከአንቱ ተምሬ ነው። አለቆቼ ታበዢዋለሽ ይሉኛል። አላበዛሁትም።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። የካርል የልጅ ልጅ ደሊላ ትባላለች። ልጇ ኒክ ነው። በ2011 ሁለቱ ካርል ወደወደቀበት ቦታ ሄዱ። ያው ሆቴል ላይ እናትና ልጅ ከሁለት ጫፍ ተነሡ። መሃል ላይ ሲገናኙ እናትየው ሽቦው ላይ ዝቅ አለች። ልጇ በላይዋ ተራምዶ አለፈ። እኔ ከዚህ ቤተሰብ ታሪክ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። በዓመቱ ኒክ የናያጋራን ፏፏቴ፣ በ2013 ደግሞ የትንሹ ኮሎራዶ ወንዝን ገደል ተሻገረ። የገደሉ ጥልቀት ከ400 ሜትር በላይ ነው። ያኔ የደህንነት ማሰሪያ አልነበረውም።

ኒክ ሲሻገር አባቱ የት ነበር መሰለዎት? ቴሪ ይባላል፤ እሱም ሽቦ ላይ የኖረ ሰው ነው። መሬት ላይ ሆኖ በሬዲዮ ልጁን ያናግረው ነበር። የደህንነቱ ኃላፊ እሱ ነው። ገመዱን፣ ውጥረቱን፣ ነፋሱን የሚከታተል እሱ ነው። የኒክን ጫማ ደግሞ እናቱ ናት የምትሰፋው። ዓለም የሚያውቀው ኒክን ብቻ ነው። ያለ አባቱ ግን ያችን ሽቦ አይረግጣትም።

አባባ፣ ከንቡ ይራቁ አላልኩም። ያለ ንብ ቀን እንደማይገፉ አውቃለሁ። የወንድሜ ትልቁ ልጅ ደርሷል። እንዲወጣ ቢለምንዎ «አያውቅበትም» አሉት አሉ። ልክ ነዎት፣ አያውቅበትም። ያሳዩት እንጂ። የትኛው ቅርንጫፍ ሰው ይችላል፣ የትኛው ውስጡ ተበልቷል፣ በቀፎው የት በኩል ቢይዙት ንቡ አይቆጣም፣ ይህን ከአንቱ በቀር ማን ያውቃል?

እኔ ወገብና ጭን የሚይዝ የሰርከስ ቀበቶና ጥሩ ገመድ ገዝቻለሁ። ገመዱ ከልጁ በላይ ባለ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ይዞራል። ታች ያለው ጫፍ አጠገቡ ባለው ግራር ግንድ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይጠመጠማል። ያን ጊዜ ክብደቱን የሚሸከመው ግንዱ ነው፣ ያዡ ብዙ ጉልበት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ዓይኑን ከልጁ የማይነቅል ሰው ነው። በዚያች ቤት እንዲህ ያለ ሰው አንቱ ብቻ ነዎት። በመጫኛ መሥራት ከመረጡም በመጫኛ ይሁን፤ ብቻ ቋጠሮውን አንቱ ይሠሩት።

ለመስቀል እመጣለሁ። እስክመጣ ማንም ዋንዛው ላይ አይውጣ። ንቡ ገብቶ ከሆነ እዚያው ይቆያል፣ አይቸኩልም። ስደርስ አብረን እናወርደዋለን። በጥቅምት መጨረሻ ማር ሲቆረጥም ልጁ ይውጣ፣ አንቱ ከታች ሆነው ያዙት።

ለእማማ ያዘዘችኝን የጉልበት ቅባት አግኝቻለሁ በሉልኝ። መነጽርዎንም አሠርቼዋለሁ፣ ይዤው እመጣለሁ። ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ