ሲስተሙ የዘገየው ኮዱ ከመጻፉ በፊት ነው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

የመንግሥት የሶፍትዌር ፕሮጀክቶች ለምን እንደሚዘገዩ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ በኔትወርክና በፕሮግራመር እጥረት ማሳበቡ አልተዋጠልኝም። እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም አንድ ወረዳ የገበሬው የመሬት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ዳታ ከሚያስገቡት ልጆች አንዱ ነበርኩ። በስድስት ወር ያልቃል የተባለው ሥራ ሁለተኛ ዓመቱን ሲደፍን እዚያው ነበርኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሐምሌ ላይ ነው፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል። አንዲት እናት ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው መጡ፣ የመሬት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከነጠላቸው ሥር ይዘውታል። መሬታቸውን ለማከራየት ውል ሊያስመዘግቡ ነው። የመስኮቷ ሠራተኛ ስማቸውን ጻፈች፣ ፈለገች፣ የለም። ደግማ ፈለገች፣ የለም። «እማማ፣ ሲስተሙ ላይ ስምዎ አልተገኘም» አለቻቸው። «ደብተሬ እኮ ይኸው፣ ልጄ» አሉ። በማግስቱ የወረቀቱን መዝገብ ገልብጠን ነው ያገኘናቸው። ደብተራቸው ላይ «ዓለምነሽ» ነው፣ በዐይኑ። ስናስገባ «አለምነሽ» ብለን ነበር፣ በአልፋው። ለእኔና ለእናንተ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለቱ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ እና በብዙኃኑ ኀ የሚጻፉትን፣ በእሳቱ ሰ እና በንጉሡ ሠ የሚጻፉትን፣ በጸሎቱ ጸ እና በፀሐዩ ፀ የሚጻፉትን ስሞች ስትደምሩበት ስንት ሰው ከመዝገብ እንደሚጠፋ አስቡት።

ይኼ ቅኔ አገር ነው። አንድ የቆሎ ተማሪ ቢጠየቅ ኖሮ ሲስተሙን ላዘዙት ሰዎች ችግሩን በግማሽ ቀን ይነግራቸው ነበር። ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም። የጨረታ ሰነዱ የተጻፈው መዝገቡን ገልጦ በማያውቅ ሰው ነው፤ ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳይሞላ የማያሳልፍ ሳጥን ነበረው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። የአያቱ ስም መዝገቡ ላይ ለሌለ ሰው «ያልታወቀ» ብላችሁ ሙሉ ተባልን፣ ሞላን። ጳጉሜንም እንደዚሁ፤ ሲስተሙ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ስለነበር በጳጉሜን የተፈረመን ውል አልቀበልም ይላል።

እና መዘግየቱ የት ጋር ነው የመጣው? የስም ፍለጋውን ማስተካከል ለፕሮግራመሩ የሦስት ቀን ሥራ ነበር። ፈቃዱ አራት ወር ፈጀ። ውሉ ላይ ስላልነበረ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ኃላፊው ተቀየረ፣ አዲሱ ኃላፊ ደግሞ መጀመሪያ የጠየቀው ለበላይ አካል የሚታይ ዳሽቦርድ (ቁጥሮችን በአንድ ገጽ የሚያሳይ ሰሌዳ) ነው፣ ያንን ሲሠሩ ሰኔ 30 ደረሰና በጀቱ ተዘጋ። ሐምሌ ላይ ሁሉም እንደገና ከደብዳቤ ተጀመረ። ፕሮግራም የሚሠሩት ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሠሩ አይቻቸዋለሁ። የሚያናድደኝ በመጨረሻ «ባለሙያዎቹ አዘገዩት» ተብሎ ሪፖርት መጻፉ ነው።

ይኼ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች በጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጻቸውን ሲከፍቱ በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው የጨረሱት 6 ሰዎች ብቻ ናቸው። ኮንትራክተሩ በደርዘን የሚቆጠር፣ ጠቅላላውን የያዘ አንድ ባለቤት የሌለው፣ ሙከራው ደግሞ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ የተጠራቀመ ሥራ ነበር። እንግሊዞች የሆስፒታሎቻቸውን መዝገብ አንድ እናደርጋለን ብለው በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመሩትን ፕሮጀክት ስንት ቢሊዮን ፓውንድ ካፈሰሱበት በኋላ በ2011 በትነውታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የካናዳው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ፊኒክስ የተባለውን የደመወዝ ሲስተም የጀመሩት ደመወዝ ሲያሰሉ የኖሩትን ሠራተኞች በመቶዎች አስቀድመው ቀንሰው፣ የሙከራውንም ዙር ሰርዘው ነው። የስንቱ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተዛባ። ሥራውን የሚያውቀውን ሰው አባርረህ ሥራውን ለማሽን ልታስተምረው አትችልም።

በሌላ በኩል የፋይዳ መታወቂያን ተመልከቱ። ሞሲፕ የተባለ ሕንድ አገር የተሠራና ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ላይ ነው የተመሠረተው፤ ሁሉንም ከዜሮ ልጻፍ አላለም። የሚጠይቀውም ጥቂት ነገር ነው፦ ስም፣ ፆታ፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ አሻራ፣ ዓይንና ፊት። እንከን የለውም አልልም። ግን ትንሽ ጠይቆ መጀመር ምን ያህል እንደሚያራምድ ያሳያል።

የጎጃም ገበሬ ጤፍ ሊዘራ መሬቱን አራት አምስቴ ደጋግሞ ነው የሚያርሰው። ዘሩን መበተኑ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በሶፍትዌርም መዝገብ ማጥራቱ፣ ስም ማስማማቱ፣ ከሠራተኛዋ ጎን ተቀምጦ ቀኗን ማየቱ፣ እርሻው ይኼ ነው። እኛ ግን ለእርሻው ጊዜም በጀትም ሳንይዝ ጨረታ አውጥተን ወደ ዘሩ እንሮጣለን። ከዚያ አልበቀለም እንላለን።

እኔ ቢጠይቁኝ የምለው ይኼን ነው። በአንድ ቀበሌና በአንድ አገልግሎት ይጀመር፤ ለምሳሌ የኪራይ ውል ምዝገባ ብቻ። እሱ ሠርቶ ሲታይ ወደሚቀጥለው ይኬድ። ክፍያም ለሪፖርት ሳይሆን ለሚሠራ ነገር ይሁን። ርክክቡ ላይ ደግሞ ከኃላፊው ፊርማ በፊት ያቺ መስኮት ላይ የምትቀመጠው ልጅ ትፈርም። እሷ አይሠራም ካለች አይሠራም።

እናንተም በዚህ ጉዳይ ድጋሚ ስትጽፉ ኃላፊዎቹንና ሶፍትዌር አቅራቢዎቹን ብቻ አታናግሩ፤ ወረዳ ውረዱና እሷን ጠይቁ። ከደብረ ማርቆስ እዚያ ወረዳ ድረስ ራሴ እወስዳችኋለሁ።

አንባቢያችሁ
ደብረ ማርቆስ