መጀመሪያ ክዳኑን ፍቺው

ሎጊያ፣ ጥር 20 ቀን ማታ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትናንት በስልክ የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ ትንፍሽ አላለም። አሁን ተሳቢውን አቁሜያለሁ። ረዳቴ ጎማ እየዞረ ይመታል፣ እኔ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ በወረቀት እጽፍልሻለሁ። ስልክ ላይ ለመጻፍ ጣቴ ወፍራም እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስጨርስ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልከዋለሁ፤ የእጅ ጽሕፈቴን ለማንበብ ትዕግሥቱን ይስጥሽ።

"አባዬ፣ ለአዳር ሥራ ሻይ የምይዝበት ክዳን ያለው ኩባያ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?" ነበር ያልሽው። እናትሽ ከኋላ "ኩባያ ለመግዛት ደግሞ ሹፌር ይማከራል?" ስትል ሰምቻታለሁ። ይማከራል በያት። በዚህ የጅቡቲ መንገድ 26 ዓመት ስመላለስ ከፍሬኔ ቀጥሎ ያመንኩት ዕቃ ፔርሙዜን ነው።

የመጀመሪያው ፔርሙዜ ውስጡ መስታወት ነበር፤ ያ አበባ የተሳለበት፣ ቤታችን እስከ ዛሬ ለእንግዳ የሚወጣው ዓይነት። ሙቀት አያያዙን አላማውም። ገዋኔን እንዳለፍኩ አንድ ጉድጓድ ሳላየው ስገባበት ከወንበሬ ሥር "ቡፍ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎማ መስሎኝ ወረድኩ። ዞሬ ባየው ሁሉም ደህና ነው። ተመልሼ ፔርሙዙን ሳነሳው ውስጡ እንደ ጽናጽል ይንሿሿል። መሬት ላይ ስደፋው ስብርባሪው ከሻዩ ጋር እንደ ዓሣ ቅርፊት እያብለጨለጨ ወረደ። መስታወት ያለውን ለቤት ተዪው።

ለምን እንደዚያ እንደሚፈነዳ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዕቃው ሁለት ግድግዳ አለው፤ በመካከላቸው የነበረው አየር ተመጥጦ ወጥቷል። መስታወቱ ሲሰነጠቅ የውጭው አየር ባንዴ ይገባበታል፣ የሚፈነዳው ለዚያ ነው። ባዶ ስለሆነም ሙቀቱ የሚሻገርበት ድልድይ የለውም ማለት ነው። በጨረር ሊያመልጥ የሚሞክረውን ደግሞ የሚያብረቀርቀው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ይህንን በ1892 እ.ኤ.አ. የሠራው ጄምስ ደዋር የሚባል የስኮትላንድ ሰው ነው። ሰውየው ስለ ሻይ አላሰበም፤ በብርድ ብዛት ፈሳሽ የሆነ ጋዝ እንዳይሞቅበት ፈልጎ ነው። የፈጠራ መብቱን ሳያስመዘግብ ቀረና በ1904 ጀርመኖች ቴርሞስ ብለው ለገበያ አወጡት። እኔም በሰኔ፣ እዚህ ሎጊያ ጥላ ሥር 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በዚያው ዕቃ በረዶ እይዝበታለሁ። ለእሱ ሙቅም ቀዝቃዛም አንድ ነው።

ዛሬ የሚሸጠው የብረቱ ነው፤ እሱ ይሁንልሽ። መርካቶ ዱባይ ተራ ስትሄጂ ነጋዴው ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ያስጠጋና "አየሽ፣ አይዝም፣ ኦሪጂናል ነው" ይልሻል። እኔንም ብሎኛል። ጥሩ የሚባለው ቂጡ ላይ 304 ወይም 18/8 የሚል ያለበት ነው፤ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። እሱ ማግኔት እምብዛም አይዝም፣ እውነት ነው። ግን ርካሹ 201 የሚባለውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ማግኔቱ ገዢ ለማሳመን እንጂ ብረት ለመለየት አይጠቅምም። ቂጡ ላይ ያለውን አንብቢ፣ ግን ቁጥር መጻፍ ደግሞ ማንንም አያቅተውም።

እኔ የማምነው የፈላ ውሃን ነው። አጠገቡ ካለችው ጀበና ቡና ሻጭ ለምኜ ውሃ አስፈላሁና በሁለት ኩባያ ሞላሁ። ከድኜ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቅኩና ከቂጣቸው እስከ አንገታቸው በመዳፌ ዳበስኳቸው። የመጀመሪያው ሆዱ ላይ ሞቀ፤ በግድግዳዎቹ መካከል አየር አለ ማለት ነው። መለስኩለት። ሁለተኛው አንገቱ ጋ ብቻ ለብ አለ፣ ያ ያለ ነው፣ ሁለቱ ግድግዳዎች የሚገናኙት እዚያ ነው። ሆዱ ግን ቀዝቃዛ። ነጋዴው "አባባ፣ ኩባያ ነው መኪና የሚገዙት?" አለኝ። "መኪና ቢሆንማ ራዲያተሩን ነበር የማየው" አልኩት። ያው ኩባያ ይኸውና አሁንም ጉልበቴ መሀል ነው።

ብረቱ ይህን ያህል ነው። ሰው ግን ቀለሙን መርጦ፣ "ስንት ሰዓት ይይዛል?" ብሎ ይከፍልና ክዳኑን የሚያየው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ሙቀቱ የሚያመልጠው በክዳኑ ነው፣ ሻዩ የሚፈሰው በክዳኑ ነው፣ ቆሻሻ የሚሸሸገውም እዚያው ነው።

አንቺ ስድስተኛ ክፍል እያለሽ አንድ ኩባያ ነበረኝ፤ አናቱ ላይ የሚጫን ነገር አለው፣ ስትጫኚው ይከፈታል፣ ስትለቂው ይዘጋል። በአንድ እጅ ስለሚከፈት ለሹፌር የተሠራ መስሎኝ ወደድኩት። አንድ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ከጭነቱ የጉምሩክ ወረቀት፣ ከዲክላራሲዮኑ ጋር ከተትኩት። ቦርሳው ላይ ጃኬቴ፣ ጃኬቱ ላይ ደግሞ የተኛው ረዳቴ ክርን። ኬላው ጋ ደርሼ ስከፍት ወረቀቱ የቅመም ሻይ መልክ ይዟል፣ ማኅተሙ ደብዝዟል። ተቆጣጣሪው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሸተተውና "ይኼ ቀረፋ ነው ዲክላራሲዮን?" አለኝ። አንድ ቀን ተኩል ፀሐይ ላይ ቆምኩ። በማን ልፍረድ? ሻይን ከወረቀት ጋር የከተትኩት እኔ ነኝ።

አንቺ ደግሞ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ባቡሩ ውስጥ ተጣብቀሽ ቆመሽ ነው የምትሄጂው። የስንት ሰው ክርን ቦርሳሽ ላይ ያርፋል! ስለዚህ የሚጫን ክዳን ካማረሽ መቆለፊያ ያለው ይሁን፣ ሲቆለፍ "ቀጭ" የሚል። ተጠምዝዞ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ እኔ ይበልጥ እተኛለሁ። ያ በጣት ገፋ ተደርጎ የሚከፈተው፣ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተተው፣ ለጠረጴዛ ነው እንጂ ለቦርሳ አይሆንም። እዚያው ሱቁ ውስጥ ውሃ ሙይና ገልብጠሽ ነቅንቂው። ነጋዴው ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

ከዚያ ፍቺው። ክዳኑ ውስጥ ቀጭን የሲሊኮን ጎማ አለች። እኔ በጎማ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝና በዚህ እመኚኝ፤ ያቺ ጎማ በማንኪያ ጫፍ ወጥታ፣ ታጥባ፣ ተመልሳ የማትገባ ከሆነ ዕቃውን አስቀምጪው። የዚያን የሚጫን ክዳን ጎማ ከብዙ ወር በኋላ በመፍቻ ፈልቅቄ ሳወጣት ከሥሯ ጥቁር ሻጋታ ነበር። ከንፈሬን ምን ላይ ሳሳርፍ እንደከረምኩ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ለእናትሽ አልነገርኳትም፣ አንቺም አትንገሪያት።

የእኛ መጠጥ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እነዚህ ኩባያዎች የተሠሩት ቡናውን በወረቀት አጥልሎ ለሚቀዳ ሰው ነው። የጀበና ቡና አተላ አለው፤ አተላው ጎማዋ ሥር ይገባና ክዳኑ የተዘጋ ይመስልሻል እንጂ አልተዘጋም። በደንብ እስኪሰክን ጠብቂ፣ የጀበናውን መጨረሻም አታሟጥጪው። ቅመም ሻይም ቢሆን አጥልይው። አንድ ሌሊት ከአዋሽ አርባ ወዲህ እየነዳሁ ብስበው ብስበው ሻዩ አልመጣ አለኝ፤ አቁሜ ብከፍተው አንዲት ቅርንፉድ የመጠጫዋን ቀዳዳ እንደ ቡሽ ደፍናዋለች። ጤና አዳም የገባበት ቡናማ በጭራሽ አትሙይበት። ጎማዋ ሽታውን ትይዛለች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃውም ሻዩም ጤና አዳም ጤና አዳም አለኝ።

መጠኑን በተመለከተ ትልቁን አትመኚ። የእናትሽ ሲኒ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ባለ 350ው ከአራት ሲኒ በላይ ይይዛል፣ ባለ ግማሽ ሊትሩ ስድስት። ስድስት ሲኒ ጠጥታ መርፌ የምትወጋ ነርስ እኔ አልቀርብም። ደግሞም ትልቅ ዕቃ በግማሽ ሲሞላ ቶሎ ይቀዘቅዛል። 350 ይበቃሻል።

አክስትሽ ከፍራንክፈርት ያመጣችው የቀርከሃ የተባለው ኩባያ ቁም ሳጥን ላይ አለ፤ አትውሰጂው። መልኩ ደስ ይላል፣ ቀላል ነው፣ ቀርከሃ ሲባል ደግሞ የእኛ ተራራ ይታየኛል። ነገር ግን የቀርከሃ ዱቄት በሜላሚን ሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ትኩስ ነገር ሲገባበት ሜላሚንና ፎርማልዲሃይድ የሚባሉ ኬሚካሎችን ወደ መጠጡ ይለቃል ብለው የጀርመን መርማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቀዋል፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግም የቀርከሃ ዱቄት የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ለምግብ ዕቃ አልተፈቀደም። እስክሪብቶ ማስቀመጫ ይሁን።

አሁን ደግሞ አንድ የምፈራልሽ ነገር። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ግን 100 ይሞላል። ይህን የተማርኩት በምላሴ ነው፤ ወደብ ላይ አስሞልቼ፣ እንደ አዲስ አበባው መስሎኝ ወዲያው ስጎነጨው ለሁለት ቀን የበርበሬ ጣዕም እንኳ ጠፋብኝ። ክፍት ኩባያ በራሱ ይበርዳል፣ ይህ ግን አይበርድም፤ ጥሩነቱም አደጋውም እሱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ መጠጣት የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ መድቦታል። አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ፤ ግን በአዳር መሀል በሽተኛ ሲጠራሽ ፉት ብለሽ ልትሮጪ ትችያለሽና ነው። ከመጠጣትሽ በፊት ክዳኑን ከፍተሽ ትንሽ አቆዪው፣ ወይም ቀድተሽ ጠጪ።

ማኪያቶ ሞልተሽ እስከ ንጋት አታሳድሪበት። ወተት ለብ ብሎ ለሰዓታት ሲቆይ ምን እንደሚራባበት ለነርስ አላስተምርም። ለስላሳም አትሙይበት፣ ጋዙ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። ሻዩን ከመሙላትሽ በፊት በፈላ ውሃ አሙቂውና ድፊው፤ ቀዝቃዛው ብረት የሻይሽን ትኩሳት መጀመሪያ ለራሱ ስለሚወስድ ነው። ሲቆሽሽ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ ይበቃዋል። በረኪና አታስነኪው፣ ብረቱን ይበላዋል። ስታስቀምጪውም ሳትከድኚ፣ አፉን ወደ ላይ አድርገሽ።

ሦስት ዓይነት ቀለም ገዝተሽ እንደ ጫማ አትቀያይሪ። ያ አንዴ ተጠጥቶበት የሚጣለው የወረቀት ኩባያ ውስጡ ፕላስቲክ የተቀባ ነውና ብትተዪው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብረት አቅልጦ ይህን መሥራት ከወረቀቱ ብዙ እጥፍ እሳት ይፈጃል። የሚክሰው አንዱን ዓመታት ስትይዢው ነው። የእኔ ቀለሙ ተላልጧል፣ ቂጡ ተጣሟል፣ ዳሽቦርድ ላይ ሳስቀምጠው ትንሽ ይንገዳገዳል። ጠዋት አዳማ ላይ የሞላሁት ሻይ ግን አሁን በምጽፍልሽ ሰዓት ለብ ብሎ ይጠጣል። ረዳቴ መስኮቱን እያንኳኳ "ጋሼ፣ ቀርቷል?" ይለኛል። ግማሹን ሰጠሁት።

እናትሽ ይህ ሁሉ አልገባትም። ትናንት ስልኩ ከመቋረጡ በፊት "ቡና እየሄዱ፣ ለብቻ፣ በክዳን?" ስትል የነበረው ድምፅዋ ለቅሶ ነበር የሚመስለው። ስለዚህ የሥራሽን በሥራ ያዢ፤ እሁድ ግን ኩባያሽን ከረከቦቱ አጠገብ እንዳታስቀምጪ። ከአቦል እስከ በረካ በሲኒ ትጠጫለሽ፣ እኔም ከደረስኩ አለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከገባሁ ደግሞ አብረን መርካቶ እንወርዳለን፣ የፈላ ውሃውን እኔ እለምናለሁ።

አባትሽ